«ዘለህ ግባበት» የሚለው ምክር ጎደሎ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። በየዕለቱ የሚገጥሙንን ጥቃቅን ፍርሃቶች ስለ መጋፈጥ በአምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ አንብበናል። በመነሻው እንስማማለን። ሰው ስልክ ማንሳት ፈርቶ፣ ስብሰባ ላይ እጁን ማውጣት ፈርቶ፣ የተበላሸ ዕቃ ወደ ገዛበት መመለስ ፈርቶ የሚያጣው ነገር ሲደማመር ትንሽ አይደለም። ቅሬታችን መፍትሔ ተብሎ በቀረበው ላይ ነው። «ዓይንህን ጨፍነህ ዘለህ ግባበት» ተብሏል። ዓይኑን ጨፍኖ የገባ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይወጣል፤ ምንም ስላላየ ምንም አይማርም። የምክር አገልግሎት ባለሙያዎች እንደ መሆናችን ደጋግመን የምናቃናው ስህተት ይኸው ስለሆነ ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን ለመጻፍ ተገደናል።

ፍርሃት ምን እንደሚያኖረው ሳይታወቅ እንዴት እንደሚለቅ አይታወቅም። ስልኩ ይጮኻል፤ ቁጥሩ እንግዳ ነው፤ ልብ ይመታል፤ ሰውየው ዝም ይለዋል፤ ጥሪው ሲቆም እፎይ ይላል። ጉዳቱ ያለው እዚያች እፎይታ ላይ ነው። አእምሮ እፎይታውን እንደ ደመወዝ ይቀበለዋል፤ በማግሥቱ ያንኑ ደመወዝ ያስገኘለትን ሥራ፣ መሸሽን፣ ከትናንቱ ፈጥኖ ይሠራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሆባርት ሞውረር እ.ኤ.አ. በ1947 ነገሩን ለሁለት ከፍሎ አስረድቶታል፤ ፍርሃት የሚጀምረው ከመጥፎ ገጠመኝ ጋር በመቆራኘት ነው፣ የሚኖረው ግን በመሸሽ በሚገኘው እፎይታ ነው። በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነብራል ይባላል። ተረቱ ያልጨመረው ነገር ቢኖር፣ ደንብሮ የሮጠው ሰው ያየው ልጥ መሆኑን መቼም እንደማያውቅ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመምረጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመረጠው ፍርሃት በሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊደገም የሚችል፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ የማይወስድ፣ ባይሳካ የሚያስከፍለው ዋጋ ከጥቂት እፍረት የማያልፍ ቢሆን ይመረጣል። በዓመት አንዴ የሚመጣ ንግግር ለመለማመጃ አይሆንም፤ ሊፍት፣ ስልክ፣ ለማያውቁት ሰው ጥያቄ ማቅረብ፣ «አይ፣ አልችልም» ማለት ይሆናሉ። እግረ መንገዳችንን፦ የሚያስፈራ ሁሉ መጋፈጥ ያለበት አይደለም። ፍሬኑ የላላ መኪና፣ ሰው በመንከስ የሚታወቅ ውሻ፣ እጁን የሚያነሣ የትዳር ጓደኛ ሲያስፈሩ ፍርሃቱ ትክክለኛ መረጃ ነው። እዚህ ላይ «ተጋፈጥ» ብሎ መምከር ጥፋት ነው።

ቀጥሎ መሰላል ይሠራል፤ የሚያስፈራው ነገር ከቀላሉ እስከ ከባዱ በደረጃ ይደረደራል። ጆሴፍ ዎልፒ የተባለው ሐኪም ፍርሃትን ከ0 እስከ 100 በነጥብ የመለካት ዘዴ አስተዋውቆ ነበር፤ ዛሬም ይሠራበታል። ዜሮ ማለት ፍጹም መረጋጋት፣ መቶ ማለት ሰውየው የሚያውቀው ከባዱ ፍርሃት ነው። ወረቀት ይዞ ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ደረጃዎችን መጻፍና ለእያንዳንዱ ነጥብ መስጠት ነው። ስልክ የሚፈራን ሰው እንውሰድ። ለአንድ ሱቅ ደውሎ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ መጠየቅ 30 ሊሆን ይችላል። ያንኑ ጥያቄ ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ እየሰማ መጠየቅ 45፣ ቀጠሮ ለማስለወጥ መደወል 50፣ የማይታወቅ ቁጥር በሁለተኛው ጥሪ ላይ ማንሳት 60፣ በአገልግሎት ቅር መሰኘቱን ለመናገር መደወል 75፣ እንደሚከለከል እያወቀ አንድ ነገር ለመጠየቅ መደወል 85። የሌላ ሰው ነጥብ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ለአንዳንዱ ከቅሬታው ይልቅ አጠገቡ የቆመው ሰው ይከብደዋል። መሰላል ከሰው የማይቀዳው ለዚህ ነው።

በደረጃዎቹ መካከል ክፍተት ሲሰፋ ሰው ይወድቃል። በሁለት ደረጃዎች መካከል ከ20 ነጥብ በላይ ልዩነት ካለ መሃል ላይ አንድ ይጨመር። የሚጨመረው ከየት ይመጣል ለሚል፣ ሊለወጡ የሚችሉ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ርቀቱ፣ የሚቆይበት ጊዜ፣ ስንት ሰው እንዳለ፣ ሰዎቹ የሚታወቁ መሆን አለመሆናቸው፣ ለዝግጅት ጊዜ መኖሩ። ከፍታ ለሚፈራ ሰው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከመስኮቱ ሦስት እርምጃ ርቆ መቆምና መስኮቱን ተደግፎ ወደ ታች ማየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መነሻው ከ30 እስከ 40 ባለው ቢሆን ጥሩ ነው። ከ10 የጀመረ ሰው ይሰለቻል፣ የሚማረውም ነገር የለም፤ ከ90 የጀመረ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ይሸሻል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ፍርሃቱ ትልቅ ደመወዝ ተከፍሎት ይመለሳል። «ሞክሬው ነበር፣ ባሰብኝ» የሚሉን ሰዎች ታሪክ ባብዛኛው ይህ ነው።

አምደኛው እዚህ ላይ ሊሞግተን ይችላል፤ በአንድ ቀን ከፍርሃት የሚላቀቁ ሰዎች አሉና። እውነት ነው፤ ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ጎራን ኧስት እ.ኤ.አ. በ1989 ያስተዋወቀው አካሄድ እንደ ሸረሪት ያሉ የተወሰኑ ፍርሃቶችን እስከ 3 ሰዓት በሚቆይ አንድ ቀጠሮ ብቻ ያክማል። ግን በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ውስጥ ዝላይ የለም። ባለሙያው መጀመሪያ ራሱ አድርጎ ያሳያል፣ ቀጥሎ አብሮ ያደርጋል፣ ታካሚው ሳይስማማ አንድ እርምጃ አይወሰድም። መሰላሉ በአንድ ቀን ተወጣ እንጂ አልተዘለለም።

ከመሰላሉ ቀጥሎ የሚመጣውንና ብዙዎች የሚዘልሉትን ሥራ ጠበቅ አድርገን መናገር እንፈልጋለን። ይህም ግምትን መጻፍ ነው። ከመደወል በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር «ምን ይሆናል ብዬ ነው የምፈራው?» ብሎ መጻፍ፣ አጠገቡም ምን ያህል ርግጠኛ እንደ ሆኑ በመቶኛ ማስፈር። ግምቱ በዓይን የሚታይ ወይም በጆሮ የሚሰማ መሆን አለበት። «እጨነቃለሁ» ግምት አይደለም፤ በርግጥ ይጨነቃል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ልክ ሆኖ ይገኛል። «ድምፄ ተቆራርጦ ሰውየው ምን አልክ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቀኛል» ግን ግምት ነው፤ ሊቆጠር ይችላል። ከሥራው በኋላ ወዲያው የሆነው ይጻፋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጽሑፍ አጥብቀው የተከራከሩት ይህንን ነው፤ ልምምድ የሚጠቅመው ፍርሃቱ በዚያች ሰዓት ስለ ቀነሰ ሳይሆን፣ ሰውየው የጠበቀውና የሆነው ነገር ስለ ተራራቁ ነው። አሮጌው ትዝታ አይፋቅም፤ አዲስ ትዝታ ይቀመጥበትና ይጋፋዋል።

ግምትና እውነት ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት በሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪች የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። ተማሪዎች የሚያሳፍራቸውን ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ሰዎች ወደ ተቀመጡበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ። ተማሪዎቹ በክፍሉ ካሉት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን ልብ እንዳሉባቸው ገመቱ፤ በእርግጥ ልብ ያሉት ግን ሩብ ያህሉ ነበሩ። እፍረት ዓይን ያበዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሰው ከፍርሃቱ ለመከለል የሚይዘውን ወይም የሚያደርገውን ነገር ምርኩዝ እንበለው። ሰው ሊፍት ውስጥ ይገባል፤ ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም። ስብሰባ ላይ ይናገራል፤ ዓረፍተ ነገሩን አስቀድሞ ሃያ ጊዜ አጥንቶታል፣ በጥድፊያ ተናግሮ ይጨርሳል። ድግስ ላይ ይገኛል፤ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ገበያ ይወጣል፤ ብቻውን ግን አይወጣም። የውሃ ጠርሙስ፣ ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ያልተዋጠ ኪኒን፣ ጨርሶ ሲወጣ «ጥሩ ተናገርኩ ወይ?» ብሎ ጓደኛን መጠየቅ፣ ሁሉም ምርኩዝ ናቸው። ችግሩ እንዲህ ነው፤ ምንም መጥፎ ነገር ሳይደርስ ሲቀር አእምሮ ምስጋናውን ለምርኩዙ ይሰጣል። «ሰው አልሳቀብኝም» ከማለት ይልቅ «ስላጠናሁት ነው ያልተሳቀብኝ» ይላል። ሰውየው መቶ ጊዜ ሊፍት ገብቶ መቶ ጊዜ ስልኩን ካየ፣ ስልኩን ማመን ተማረ እንጂ ሊፍቱን አላመነም። ለሦስት ዓመት በየቀኑ «ፍርሃቱን እየተጋፈጠ» ምንም ያልተለወጠ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በእጅህ ምን ይዘህ ነበር?» ነው።

ይባስ ብሎ አንዳንዱ ምርኩዝ የፈሩትን ራሱ ይወልደዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረቡት ማብራሪያ ላይ ይህ ጎልቶ ተነሥቷል። እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ ስኒውን አጥብቆ የያዘ ሰው እጁ የበለጠ ይንቀጠቀጣል፤ የተወጠረ ጡንቻ ይርገበገባልና። ላቤ እንዳይታይ ብሎ በሙቀት ኮት የደረበ የበለጠ ያልበዋል። እንዳልሳሳት ብሎ እያንዳንዱን ቃል በልቡ የሚመዝን ሰው ከጨዋታው ይነጠልና ሰዎች ኩሩ ነው ብለው ይርቁታል።

ምርኩዝን በአንድ ቀን መጣል አያስፈልግም፤ እሱም በመሰላሉ ላይ ደረጃ ተሰጥቶት ይወጣል። በጣም የምንወደው መንገድ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ማድረግ ነው፤ አንዴ ከነምርኩዙ፣ አንዴ ያለ እሱ፣ በተከታታይ በአንድ ቀን። ከዚያ ሁለቱን ማወዳደር። ሰው ባብዛኛው የሚገረመው ያለ ምርኩዝ ሲሆን ነጥቡ ከፍ ብሎ ጀምሮ ነገሩ ግን የባሰ አለመሆኑን ሲያይ ነው። ስውሩን ምርኩዝ ማግኘት ያስቸግራል፤ በልብ መቁጠር፣ ሌላ ነገር ማሰብ፣ «አሁን ያልቃል፣ አሁን ያልቃል» እያሉ መቆየት ከውጭ አይታዩም። መፈለጊያው ጥያቄ «ይህን ባላደርግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሚለው ነው። መልሱ የሚያስደነግጥ ከሆነ ምርኩዝ ነው።

ምን ያህል ይቆይ? ቀድሞ ፍርሃቱ በግማሽ እስኪቀንስ ነበር የሚባለው። አሁን ግምቱ እስኪፈተን ድረስ ማለቱ ይሻላል። «ከሁለት ደቂቃ በላይ ሊፍት ውስጥ ብቆይ ራሴን እስታለሁ» ያለ ሰው ከሁለት ደቂቃ በላይ መቆየት አለበት፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ቆይቶ ቢወጣ ምንም አልፈተነም። የማይደረገው ነገር ፍርሃቱ ጫፍ ላይ እንዳለ መውጣት ነው። ከወጣም ነገ ከማለት እዚያው አምስት ደቂቃ አርፎ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መመለስ።

በዚያች ሰዓት ልብ ይደልቃል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ያልበዋል፤ ሰው ሲደነግጥ የሚመነጨው አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ሥራውን እየሠራ ነው። ጤነኛ ልብን ይህ አይጎዳውም፤ ደረጃ ሮጦ እንደ መውጣት ነው። በዚህ መሃል «በረጅሙ ተንፍስ» የሚለው የተለመደ ምክር ሰውን አንዳንዴ ያሳስታል። ሰውየው በረጅሙና በፍጥነት አየር ይስባል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቶቹና ከንፈሩ ይነዝሩታል፤ ያኔ «ልሞት ነው» ይላል። መተንፈስ ካስፈለገ ማስወጣቱን ማርዘም ነው እንጂ መሳቡን ማብዛት አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው እስትንፋስን እንዳለ ትቶ ዓይንና ጆሮን ወደ ውጭ ማዞር ነው፤ ሰውየው ምን አለ፣ ፊቱ ምን ይመስላል። ግምቱ የሚፈተነው እዚያ ነውና።

አንድ ፍርሃት ብቻ ከዚህ ሕግ ይወጣል። ደምና መርፌ የሚፈሩ ሰዎች ብዙዎቹ በእውነት ራሳቸውን ይስታሉ። ልብ ምትና የደም ግፊት መጀመሪያ ከፍ ይሉና በድንገት ይወርዳሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው «ዘና በል» ማለት ግፊቱን የበለጠ ማውረድ ነው። ኧስትና ባልደረባው ስተርነር እ.ኤ.አ. በ1987 የገለጹት መፍትሔ ተቃራኒው ነው፤ የክንድ፣ የደረትና የእግር ጡንቻዎችን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ ፊት ላይ ሙቀት እስኪሰማ አጥብቆ መወጠር፣ ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ወደ ነበረበት መመለስ፣ አምስት ጊዜ መደጋገም። ሲመለስ ሙሉ በሙሉ መልፈስፈስ የለም። ቤት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ተለማምዶ ነው ወደ መርፌው የሚኬደው። መርፌ የሚወጋው ክንድ ግን ላላ ብሎ ይቆይ፤ ሌላው አካል ይወጠር። አስቀድሞ ለነርሷ መናገርና ጋደም ብሎ መወጋትም ነውር የለውም።

ድግግሞሽን በተመለከተ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የማይል የለም። እንቁላሉ የሚሄደው ግን ዶሮዋ 21 ቀን ሳትሰለች ስለ ታቀፈችው ነው፤ አንድ ቀን ታቅፋ ሳምንት ብትተወው ይበላሻል። በሳምንት አንዴ የሚደረግ ልምምድ እምብዛም አያራምድም፤ በሳምንት አራት አምስት ቀን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተለይ፣ ያስፈልጋል። አንዱ ደረጃ ሲቀል ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ሰዉን መለዋወጥ። አንድ ሊፍት ብቻ የተለማመደ ሰው ሌላ ሕንፃ ሲገባ ፍርሃቱ በር ላይ ይጠብቀዋል፤ አዲሱ ትምህርት ከተማሩበት ቦታ ጋር ይጣበቃልና። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ እንዳየው የጠፋ የመሰለ ምላሽ ከእረፍት በኋላ ራሱ ይመለሳል። ስለዚህ ከሦስት ወር ዝምታ በኋላ ፍርሃቱ ብቅ ቢል ሥራው ፈረሰ ማለት አይደለም፤ ከመሰላሉ መካከል ጀምሮ ደግሞ መውጣት ነው፣ ሁለተኛው ጉዞ ባብዛኛው ያጥራል።

ወላጆችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ለልጃችሁ የምትደውሉለት፣ የምትመልሱለት፣ «እሱ ያፍራል» ብላችሁ የምትናገሩለት እናንተው ምርኩዝ ሆናችሁ ነው። በሌላ በኩል ጎትቶ መክተትም አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ስለ ጴጥሮስ፣ በእንግሊዝኛው ፒተር፣ ስለ ተባለ ጥንቸል የሚፈራ ሕፃን ጽፋለች፤ ሕፃኑ የሚወደውን እየበላ ጥንቸሏ ከሩቅ ጀምራ ቀስ በቀስ ትቀርበው ነበር፤ ጥንቸል የማይፈሩ ልጆችም አብረውት እንዲጫወቱ ይደረግ ነበር። በመጨረሻ ራሱ ዳሰሳት። የዛሬው አሠራር የተቀዳው ከዚያ ነው። ለልጅ «ምን ያስፈራል!» ከማለት «እንደፈራህ አያለሁ፤ ዛሬ እስከዚህ ድረስ ብቻ እንሞክር» ማለት ይሻላል።

ጥንቃቄዎቹን በአጭሩ እንጥቀስ። ልምምድ ሊያደርጉ ሲሉ መጠጥ መጠጣት ትምህርቱን ያበላሻል፤ ከሁሉ የባሰ ምርኩዝም እሱ ነው። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን በራስ ፈቃድ አይቋረጥም። ቡና ያበዛ ሰው የልቡን ምት ፍርሃት እንዳይመስለው መጠኑን ይቀንስ። የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ፍርሃቱ ከደረሰበት ጥቃት ወይም አደጋ ትዝታ ጋር የተያያዘበት፣ ከቤት መውጣት የተወ፣ ወይም ፍርሃቱ ስድስት ወር አልፎ ሥራውንና ግንኙነቱን ያወከበት ሰው ይህን ብቻውን አይሞክረው፤ ባለሙያ ዘንድ ይሂድ።

አምዱ ይህ ሁሉ «አዲስ ሰው» ያደርጋል ብሎ ቃል ገብቷል። እኛ ያን አንልም። ስልክ መደወል የለመደ ሰው የሚያተርፈው ደውል አትደውል ሲል ያባክን የነበረውን ከሰዓት በኋላ ነው። ያም በቂ ትርፍ ይመስለናል።

ቦታ ካላችሁ ከዚህ ደብዳቤ ሥር ያስቀመጥነውን መመዝገቢያ ብታትሙልን አንባቢ ቆርጦ ሊጠቀምበት ይችላል። እንዴት እንደሚሞላ እንዲታይ በአንድ ምሳሌ ሞልተነዋል።

ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት።
ሥራ፦ ደውዬ ቀጠሮዬን ወደ ሐሙስ ማስለወጥ።
የሚጠበቅ ነጥብ፦ 50።
ግምት፦ ሴትዮዋ ትቆጣለች፣ አይቻልም ብላ ትዘጋብኛለች። ርግጠኝነት 70 በመቶ።
የምተወው ምርኩዝ፦ የምናገረውን ወረቀት ላይ ጽፌ ማንበብ።
የሆነው፦ ስሜን ጠየቀች፣ ሐሙስ ሞልቷል አለች፣ ዓርብ ሰጠችኝ። አንዴ ተንተባተብኩ፤ ዝም ብላ ጠበቀችኝ።
ከፍተኛው ነጥብ፦ 60፣ ስልኩ ሲጠራ።
ቀጣይ፦ ነገ ሌላ ቦታ፣ ሰው አጠገቤ እያለ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት የተሰማራን አንባቢዎቻችሁ